ጌም ውስጥ የገቡት ሽማግሌዎች

የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በቅርቡ ቪአር የሚሉትን የዓይን ጭምብል ገዝቷል፤ ከአልጋቸው መውረድ ያቃታቸው ሰዎች በዓይናቸው ባሕር ዳርቻ ሄደው የሚመጡበት ነው። ከተጠቀሙበት በኋላ በአልኮል መወልወል የእኔ ሥራ ሆነና ባለፈው ሰሞን ፊት የሚያርፍበትን ስፖንጅ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የላብ፣ የፀጉር ቅባትና የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ተደባልቆ መጣብኝ፤ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ምን ነካሽ ብትለኝ ምንም አልኳት። በስደት የኖርንበት ኢገን የሚባል ከተማ የነበረው የድሮ አፓርታማችን ሳሎን፣ የአባዬ ሱፍ ኮት፣ የጋሽ ደምሴ ሳል ሁሉ በዚያ ሽታ ውስጥ ነበሩ፤ ይህን ለማስረዳት ግን ከጃፓን ፊልም መነሳት አለብኝ፤ ከዚያ የተነሳሁ እንደሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ የምቀልድ ይመስለዋል።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አቤል የጃፓን ፊልም ፍቅር ይዞት ነበር፤ ፍቅሩም ለአንድ ዓይነቱ ብቻ ነው። በእነዚያ ፊልሞች ልጆች ጭንቅላታቸው ላይ ቆብ የሚመስል መሣሪያ አጥልቀው አልጋ ላይ ይጋደማሉ፤ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ጌም ውስጥ ይነቃሉ፤ ከዚያ መውጫው ይጠፋቸዋል። እዚያው በሰይፍ ይዋጋሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ ይፋቀራሉ። እዚያ የሞተ እዚህም ይሞታል፣ እዚያ የተጋባም እዚህ እንደተጋባ ይቆጠራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከጌሙ ወጣን ብለው ሲደሰቱ የወጡት ወደ ሌላ ጌም መሆኑ ይገለጥላቸዋል፤ ያን ጊዜ የትኛው አልጋ እውነተኛው እንደነበረ ይጠፋኝና አቤልን እጠይቀዋለሁ። እሱ መልሱን እንደሚያውቅ ሰው ፈገግ ይላል፤ ዛሬ ሳስበው እሱም አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እነዚህን ፊልሞች ሳሎን ውስጥ ቤተሰቡ ሁሉ ያይ ነበር፤ ክረምቱ ሲከፋ ኢገን ላይ መኪና አስነስቶ የትም መሄድ አያምርም። ጋሽ ደምሴ የአባዬ የሥራ ጓደኛ ናቸው፤ ሁለቱም ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ ጋ ቫን ይነዳሉ፤ ቅዳሜ ፈረቃቸው ሲያልቅ አብረው ይመጣሉ። ከስር የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ጃፓኑ አንዲት ቃል ተናግሮ ዝም ሲል ጽሑፉ ሁለት መስመር ይሆናል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ደግሞ ወሬ ይሆናል፤ አስረድቼ ስጨርስ ክፉው ሰውዬ ሞቶ ሬሳው ተነስቷል። ጋሽ ደምሴ እነዚህን ልጆች ማን ነው የሚያበላቸው ይላሉ። በነርሲንግ ሆም በሽተኞችን የምታስታምመው እማዬ ማን እንደሚያገላብጣቸው፣ ጀርባቸው እንዴት እንደማይቆስል ትጠይቃለች። አባዬ አንድም ነገር አይጠይቅም፤ ግን ከሶፋው ተነስቶም አያውቅም።

በዚያው ክረምት ቤታችን ተበጠበጠ። አቤል ነርሲንግ ይማር ነበር፤ አባዬም በቤተ ክርስቲያን ግቢም በኤርፖርቱ የቫን ሰልፍም ልጄ ነርስ ሊሆን ነው እያለ ለሁሉም አውርቷል። አንድ ቀን ሌላ ሾፌር አባዬን፣ ልጅህን ሌክ ስትሪት የሚባለው መንገድ ላይ ካለ ሱቅ ስልክ ሲጠግን አየሁት፣ በርታ በልልኝ ብሎት መጣ። ለካ ትምህርቱን ትቶ ከርሟል። አባዬ ጮኸ፤ አቤል በእንግሊዝኛ መለሰ። ከመልሱ ይልቅ በእንግሊዝኛ መሆኑ ይመስለኛል አባዬን ያቃጠለው፣ ምክንያቱም በቤታችን ለአባት በእንግሊዝኛ የሚመለሰው ነገሩ እንዳይገባው ሲፈለግ ነው። አባዬም ተነሳና ይህ ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ካልወደቀ ቃል አላነጋግረውም ብሎ ማለ። አቤል ልብሱን በሻንጣ አጭቆ ሌክ ስትሪት አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ሊኖር ሄደ።

ኮምፒውተሩንና አሮጌውን ሄድሴት፣ ማለት የጌሙን የዓይን ጭምብል፣ ለእኔ ተወልኝ፤ ጓደኛው ዘንድ አዲስ አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭምብሉን አጥልቄ ጌሙ ውስጥ እገባለሁ፤ እዚያ አንድ የወንዝ ዳር አለን፤ እሱ ረጅም ጦረኛ ሆኖ ሰይፉን ጀርባው ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል፣ እኔ ደግሞ ሮዝ ጥንቸል ነኝ። ስለ ትምህርቴ እንጫወታለን፤ እማዬ ደህና ናት ወይ ይለኛል። ስለ አባዬ አይጠይቅም፤ ሲያወራ ግን ነገሩን ዙሪያውን ሲዞረው ይታወቀኛል፤ ቫኗ ተሠራች ወይ፣ መንገዱ በረዶ ነው ወይ ይላል። እማዬ ከበስተጀርባዬ ቆማ ድምፁን በስፒከሩ ትሰማና ዓይኗን እየጠረገች ወደ ጓዳ ትመለሳለች።

በኋላ ሽማግሌ ተያዘ። አንዱ ጋሽ ደምሴ፣ ሁለተኛው ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት ኦቦ ጀማል ናቸው፤ ጠብ ያለበት ቤት ሁሉ የሚጠራቸው እርጋታ የሞላባቸው ሰው ነበሩ። ግን አቤል ኢገን አልመጣም አለ፤ አባዬም ሌክ ስትሪት እሱ ደጅ ሄጄ አልቆምም አለ። ሽማግሌዎቹ ከመመላለስ ብዛት ሲደክሙ ጋሽ ደምሴ ወደ ኮምፒውተሩ እያዩ ያ ልጅ በየቀኑ ከዚህች ጋር የሚገናኘው እዚያ ውስጥ አይደለም ወይ አሉ። በፊልሞቹ እዚያ የተደረገ ሁሉ እንደተደረገ ይቆጠር የለም ወይ አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ይቆጠራል አልኩ፤ በፊልሞቹ ይቆጠራል። ኦቦ ጀማል ጥቂት አስበው ሽማግሌ የሚሄደው ሰው ካለበት ነው፣ እኛም ካለበት እንሂድ ብለው ፈረዱ።

በቀጠሮው ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ ሱፍ ለብሰው ነጠላ ደርበው መጡ። ጌሙ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ጫማ ይወልቃል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ሳቄን ዋጥኩት። ጭምብሉን አጠለቅኩላቸው፣ ጌሙን የሚያጫውቱትን ሁለቱን መያዣዎች በእጃቸው አስያዝኳቸው፤ እዚያ ውስጥ የሚታዩት በእኔ ጥንቸል መልክ ነው፣ እርሳቸው የሚያዩትንም እኛ በስክሪኑ እናያለን። አቤል ወንዙ ዳር ቆሟል። ጋሽ ደምሴ ወገባቸውን ሰበር አድርገው ሰላምታ ሰጡ፤ እዚያ ማዶ አንዲት ሮዝ ጥንቸል ስትሰግድለት አቤል መሳቅ ፈልጎ እንደዋጠው ከድምፁ ያስታውቃል። ከዚያ ስለ አባትና ልጅ ተናገሩ፣ ኦቦ ጀማልም ተቀብለው ጭምብሉን አጥልቀው በቀስታ ቀጠሉ። አቤል አንዱንም አልተቃወመም። እሺ አባቶቼ አለ፤ አጠፋሁ፣ ዋሽቻለሁ አለ፤ አባቴ የማለውን አውቃለሁ አለ። ለካ ቀድሞ አስቦበታል፤ ከወንዙ ዳር ትልቅ ድንጋይ አነሳና ትከሻው ላይ አድርጎ ተንበረከከ።

አባዬ ይህን ሁሉ የሰማው ከጓዳው በር ሆኖ ነው። ሱፍ ኮቱን እንደለበሰ መጥቶ ስክሪኑ ፊት ቆመና ልጁን አየ፤ ልጁን ማለትም ከባድ ነው፤ የብረት ልብስ የለበሰ የማያውቀውን ጎረምሳ ነው ያየው። ጋሽ ደምሴ በል እንግዲህ አሉት። ጭምብሉን ሳጠልቅለት አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ። መያዣዎቹን ስሰጠው ግን ወደ እኔ መልሶ ገፋቸው።

«ለይቅርታ መጫወቻ ይዤ አልገባም» አለ።

ሽማግሌዎቹም ልክ ነው አሉ፤ ባዶ እጅ ለእርቅ ያምራል። አባዬ ወደ ፊት ራመደ፤ የመሐላ ነገር ስለሆነ ድንጋዩ ከአቤል ትከሻ ሳይወርድ ቃል አይናገርም። ጎንበስ አለ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ከልጁ ትከሻ ላይ ድንጋዩን አነሳ። እኛ ሳሎን የቆምነው ሁላችንም ስክሪኑን ትተን እሱን ብቻ እያየን ነበር፤ ክንዱ ተወጠረ፣ ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ አለ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ከነሸክሙ ወደ ጎን ዞረ። እማዬ እልል አለች። አባዬ ተመልሶ ዞረና፦

«በቃ፣ ተነስ ልጄ» አለ።

ስክሪኑ ላይ ወንዙ ብቻ ነበር። አቤል ወጥቷል።

መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ነው አልን። ስልክ ብደውልለት አያነሳም። አባዬ ጭምብሉን አውልቆ፣ ግንባሩ ላይ የማሰሪያው መስመር እንደታተመ፣ ልጁ እስኪመጣ ምግብ ይቅረብ ብሎ እማዬን አጣደፋት፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ማታውን አቤል አልመጣም፤ በማግስቱም አልመጣም። በኋላ ስልኩን ሲያነሳ ያየውን ነገረኝ። ጥንቸሏ ቀረበች፣ እጆቿ ተንጠልጥለው አጎነበሰችና ከላይ አየችው፣ ከዚያ ድንጋዩን ሳትነካ ቀና ብላ ፊቷን አዞረች። ድንጋዩ እዚያው ትከሻው ላይ ነበር። መያዣ ያልያዘ ሰው እዚያ ውስጥ እጅ የለውም፤ ይህ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አንስቶልሃል፣ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ሁላችንም አየን ብዬ ለመንኩት።

«ለእሱ ብለሽ አትዋሺ» አለኝ፣ በእንግሊዝኛ።

ጋሽ ደምሴም ደውለው መሰከሩ፣ ኦቦ ጀማልም በፈጣሪ ስም ማሉለት። ግን ሽማግሌ ለማስታረቅ ሲል ነገር እንደሚያለሰልስ የማያውቅ አለ ወይ? ጨርሶ ያልተባለውን አባትህ እንዲህ ብሎልሃል የሚሉት ለዚያ አይደል? የእነርሱ ምስክርነት በጎነታቸውን ብቻ አሳየው። ተመልሶ ወደ ወንዙ ዳርም አልመጣ። ጥቂት ጊዜ ጥንቸል ሆኜ ብቻዬን ገብቼ ጠበቅኩት፤ ቦታው አልተለወጠም፣ ወንዙም ይፈሳል።

ዛሬ አይጣሉም። አቤል ትዳር ይዟል፣ በዓል ሲሆን ልጆቹን ይዞ ይመጣል፣ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ፣ ስለ መኪና ጎማና ስለ በረዶ ያወራሉ። ግን ልጁ ከአባቱ ጋር ሲቀመጥ ኮቱን አያወልቅም። አንድ ፋሲካ እንግዳው ሁሉ ሲሄድ አባዬ ይቅር ካልኩት በኋላ ምን በደልኩት ብሎ ጠየቀኝ። ስለ መያዣዎቹ፣ ስለ ጥንቸሏ እጅ፣ አቤል ስላየው ነገር ሁሉንም አስረዳሁት፤ ድሮ ፊልሞቹን እንደማስረዳው ረጅም ወሬ ሆነብኝ። ስጨርስ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸው።

«እኔ ያነሳሁት በእጄ ነው» አለ።

የትኛው ነው የሆነው? እነዚያ ፊልሞች እውነቱ ያለው ልጆቹ በነቁበት ዓለም ነው፣ አልጋ ላይ የቀረው ገላ ብቻ ነው ብለው አስተማሩን፤ በእኛ ሳሎን ግን ይቅርታው የቀረው ገላው ዘንድ ነው። አቤል የተንበረከከበትን አባዬ አየው፤ አባዬ ያነሳበትን አቤል አላየውም። ቅዳሜዎቹ ሄደዋል፤ ሶፋው ላይ ተጣብበን ማን ነው የሚያበላቸው እየተባለ የሚሳቅበት ቤት የለም፤ ወንድሜም በእኔ አስተርጓሚነት የሚስቀውን ሳቅ ከዚያ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። አንዳንዴ ልደውልለትና ፊቱን አዞረ የሚለውን ላቃናለት እፈልጋለሁ፤ እንደማያምነኝ ስለማውቅ እተወዋለሁ። አባዬ የዞረው ድንጋዩን ምንጣፉ ላይ ሊያስቀምጥ ነው፤ የማንንም እግር እንዳይመታ አይቶ፣ ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው።