ኩርባው ላይ የቆመው ሞተር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህን ዘልዬዋለሁ። ለእናንተ የምጽፈው ፊታችሁን ስለማላየው ነው።

የተጀመረው እሁድ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የላሊበላ ሞተረኞች ወደ አሸተን ማርያም በሚወጣው የጠጠር መንገድ ሊወዳደሩ ተሰበሰቡ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አንድ በአንድ እየተለቀቁ ሰዓት ይያዝላቸዋል። አንደኛ የወጣው አዲስ አበባ ላለ የሞተር ውድድር ቡድን ሙከራ ይላካል፤ የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው። አዲሱ የሚባለው ወንድሜ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበር። የሰፈራችን ልጅ ምስጋናውም ነበር፤ ሞተሩን ከወዳደቁ አሮጌ ሞተሮች ገጣጥሞ ራሱ ነው የሠራት።

«ይቺ ሞተር ናት ወይስ ሳል የያዛት ባልቴት?» አለው ወንድሜ መነሻው ላይ።

«ትሳል ግድ የለም፤ አንተ የምታየው ጀርባዋን ነው» አለ ምስጋናው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እታለም፣ አንቺ ብቻ ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

እኔ መንገዱ መሃል ባለው ኩርባ ላይ የምቆም ምስክር ነበርኩ። እኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው መነኩሴ ሲያጋጥመው ወርዶ መስቀል ይሳለማል። ሞተረኞቹም ይህን መተው ስላልፈለጉ ደንብ አወጡ፦ ለመነኩሴ ወይም ለቀብር የቆመ፣ ምስክር ካለው፣ እንደገና ይሮጣል። ምስክር እንድሆን የመረጡኝ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ደምሌ ናቸው። «የተማረች ናት፤ ዓይን አፋርም ናት፤ አትዋሽም» አሉ። ዓይን አፋር አይዋሽም ያለው ማን ነው?

ወንድሜ ሲያልፍ መንገዱ ባዶ ነበር። መጨረሻ የተለቀቀው ምስጋናው ነው። ድምፁ ከታች ሲመጣ፣ አንድ ሸምገል ያሉ እንግዳ መነኩሴ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ከላይ ወረዱ። ጆሯቸው አይሰማም መሰለኝ፣ ብጮህም ዞር አላሉም። ምስጋናው ኩርባውን ሲዞር ፊት ለፊት አገኛቸው። ፍሬኑን ያዘ፤ ጎማው ጠጠሩን አርሶ እግራቸው ሥር ቆመ። ከሞተሩ ወረደ። ደንግጠው ነበርና ክንዳቸውን ያዘ፣ መስቀላቸውን ተሳለመ፣ ተነሥቶ በረረ። እኔ አየሁ። እኔ ብቻ አየሁ።

እንዲያም ሆኖ በወንድሜ የተበለጠው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ በምትሆን ጊዜ ነው። ቆሞ፣ ወርዶ፣ ተሳልሞ! መነኩሴው ከላይ ጫማቸውን ለማጥበቅ ጎንበስ ብለው ቢሆንስ? ወንድሜ መጨረሻ ተለቅቆ ቢሆንስ? ሰው እንዲህ ያለውን ዕድል ነው ይላል፤ እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ዕድል ነው ብያለሁ። ውሸት ነው። ዕድል ሥራውን ጨርሶ ፍርዱን ለእኔ ትቶልኝ ነበር።

«ምስጋናው ቆሞ ነበር ወይ ልጄ?» አሉኝ ጋሽ ደምሌ፣ ሰው ሁሉ ከቦኝ። ወንድሜን አየሁት። አቧራ በለበሰ ፊቱ እንደ ሕፃን ይስቃል። «አላየሁም» አልኩ። ድምፄ ስላነሰ «ምን አልሽ?» አሉኝ። ደገምኩት። «አላየሁም።»

«አታስጨንቋት፣ ዓይን አፋር ናት» አለ አንድ ሰው።

ምስጋናው አልተቆጣም። ብቻ «ምልክቱ መሬት ላይ አለ፤ እኔ መጨረሻ ነኝ ያለፍኩት፤ ሂዱና እዩ» አለ። መሽቶ ስለነበር ጠዋት ሄደው ሊያዩ ተስማሙ። መነኩሴውማ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ጀምረዋል፤ ስማቸውን እንኳ የጠየቀ የለም።

ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ በሙከራው ወደቀ። «በጥቂት! በጥቂት ተበለጥኩ!» እያለ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ያችን ጥቂት ከሌላ ሰው ላይ ወስጄ የሰጠሁት እኔ ስሆን፣ ምን ዓይን ኖሮኝ አለቀስኩ? ወንድሜ ዛሬም ለጀማሪዎች ያንን ቀን ያወራላቸዋል። እውነቱን አያውቅም። ምስጋናው ባጃጅ ይነዳል። ሲያገኘኝ «እታለም፣ ደኅና ነሽ?» ይለኛል፤ ከዚያ በላይ አይለኝም። ምነው በሰደበኝ!

አላየሁም ማለቴን ፍርሃት ነው ማለት እችል ነበር። ስንት ሰው ዙሪያዬን ቆሞ፣ ወንድሜ ፊቴ ቆሞ አንደበቴ ተያዘ ብል ታምኑኝ ነበር። ግን የውድድሩ ማግስት ጠዋት አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ሳይወጣ ሁለቱን አህዮቻችንን ጄሪካን ጭኜ ወደ ኩርባው ነዳኋቸው። ምልክቱ እንዳለ ነበር፤ ጎማው ያረሰው ረጅም መስመር፣ የሞተሩ ማቆሚያ የወጋው ጉድጓድ፣ አጠገቡ የመቋሚያው ክብ ክብ ነጥብ። አህዮቹን አስኬድኳቸው፣ መለስኳቸው፣ እንደ አውድማ አስረገጥኳቸው። አንድ የመቋሚያ ነጥብ ቀረች። እሷን በራሴ ተረከዝ ረገጥኳት።

ጋሽ ደምሌና ሽማግሌዎቹ ደረሱ፤ ምስጋናውም አብሯቸው አለ። «እንደምን አደርሽ ልጄ፣ ማልደሽ ወጣሽ» አሉኝ ጋሽ ደምሌ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ» አልኩ። መሬቱን ጎንበስ ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከብት አልፎበታል፤ ምንም አይለይም።»

ምስጋናው የአንዷ አህያ ጭነት ማጋደሉን አይቶ ሊያቃናልኝ ቀረበ። ጄሪካኑን ከፍ ሲያደርገው ባዶ ነው፤ እጁ ቀለለው። ቁልቁል አየ፣ ምንጩ ወዳለበት። ሽቅብ አየ፣ ውሃ ወደሌለበት። ከዚያ ገመዱን ጥብቅ አድርጎ አሰረልኝና ሌሎቹ እንዳይሰሙት ዝግ ብሎ፣

«እታለም፣ ውሃው እኮ ታች ነው» አለኝ።

ዞሬ መናገር እችል ነበር። ሁሉም እዚያው ነበሩ። እኔ ግን «ሂጂ!» አልኩና አህዮቹን ሽቅብ ነዳሁ።