የጀርመኖቹ ጌሾና ብቅል

በመጨረሻው ደህና ቀን ወንድሜ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰድበኝ ዋለ። አዲስ ነገር አልነበረም።

ታላቄ ነው። ለዓመታት ጀርመንኛ ተምሮ ቪዛ ሲከለከል፣ ኮልፌ እናታችን ቤት ተቀምጦ የጀርመንኛ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመ በኢንተርኔት ሊሠራ አሰበ። ገና በሙከራ ላይ ነበር። አሠሪዎቹ ለፈተና የላኩለት አንድ ገጽ ታሪክ ነው። ታሪኩ ውስጥ አንድ አባት ስለ ሰነፍ ልጁ ሲያወራ፣ «በእሱ ላይ ጌሾውም ብቅሉም ጠፍቷል» ይላል። ጀርመኖቹ ቢራቸው ውስጥ የሚጨምሩት ጌሾ ሳይሆን ሆፕ የሚባል ተክል ነው፤ ሥራው ግን ያው ማምረር ነው።

እናታችን ያሳደገችን ጠላ ጠምቃ ነው። ወንድሜ አባባሉን ሲያነብ ሳቀ። ምንም አልከበደውም። ጥንስሱ ከተበላሸ የገባበት ሁሉ ከንቱ እንደሚቀር እኛ ቤት ሕፃንም ያውቃል። ስለዚህ ቃል በቃል እንግሊዝኛ አድርጎ ላከው። እነሱ ግን መለሱበት። ይህን አንባቢ አይረዳውም፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው የሚሉትን ፈልግ፣ እስከ ነገ ጠዋት ካልላክህ ሥራውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን አሉት።

«አንተ ቀኑን ሙሉ ፊልም ላይ ተጥደህ ነው የምትውለው» አለኝ። «ተስፋ የሌለውን ሰው ምን ይሉታል?»

«ዩዝለስ።»

«እሱ ያንተ ስም ነው። እኔ የምፈልገው አባባል ነው።»

«ሎስት ኮዝ። የከሸፈ ዓላማ ማለት ነው።»

«የተሸነፈ ፓርቲ አስመሰልከው እኮ! ሰውዬው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ጀዝባ።»

«እሺ፣ አይ ጊቭ አፕ ኦን ሂም በል።»

«እሱማ አባትየው ደከመው ማለት ነው። እዚህ የተበላሸው ልጁ ነው። አባትየው ምን ሆነ?» ወደ እናታችን ዞረ። «እማዬ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረስሽው ይህን ነው!»

እናቴ ጋን እያጠበች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። «አንተንስ ጀርመንኛ አስተምሬ ምን አተረፍኩ? ሁለታችሁም አተላ ናችሁ» አለች።

ሦስታችንም ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ጓደኛውን ሊጠይቅ ወደ ጦር ኃይሎች ሄደ። ኮምፒውተሩን እንዳልነካ አስጠንቅቆኝ ወጣ። ጓደኛው ጋ ሳይደርስ፣ መንገድ ሲሻገር፣ የአሸዋ መኪና ገጨው።

ደውሎ የነገረኝ አጎቴ ነው።

«አለቀ» አለኝ። «እናትህ እንዳትሰማ። መርዶው ሲነጋ ነው፣ ሰው ይዘን እንመጣለን። እስከዚያ እንደ ወትሮህ ሁን።»

እንደ ወትሮዬ። እኛ ቤት ወትሮ ማለት ስድብ ነው።

እራት ላይ እናቴ «ያ ዟሪ የት ቀረ?» አለች።

«ጓደኛው ጋ ያድራል» አልኳት። «የሰው እራት አይቶ ያልፋል? ሆዳም አይደል!»

ሳቀች። ድርሻውን ከድና አስቀመጠችለት። ከዚያ እሷም ሰደበችው። እኔ ጨመርኩበት። እሷ ደገመች። ሁልጊዜ ቃል የሚያጥረኝ ሰው ነኝ። ያን ምሽት አላጠረኝም።

ሲነጋ አጎቴና የእድሩ ሰዎች ገቡ። እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ዞራ እኔን አየች።

«ታውቅ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን መጻፍ አልችልም።

ሴቶቹ ደግፈው ሲይዟት ጓዳ ገባሁ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። መልእክት መጥቷል፤ እየጠበቅንህ ነው ይላል። ከውጭ የእሷ ጩኸት ይሰማኛል። ከዚያ «ናቲንግ ካን ቢ ደን ዊዝ ሂም» ብዬ ጻፍኩ። እሱን ምንም ማድረግ አይቻልም ለማለት ነው። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። የሚሰድበኝ ሰው የለም። ከሥሩ የወንድሜን ስም ጽፌ ላክሁት።

ወዲያው መለሱ። በጣም ጥሩ ነው፣ ሥራው ያንተ ነው፣ ቀጣዩን ገጽ እስከ ማታ ላክልን ይላል። ገጹን ከፈትኩት። ሁሉም ጀርመንኛ ነው። አንድ መስመር እንኳ ማንበብ አልቻልኩም።

ዘጋሁትና ወጣሁ። ደጅ ድንኳን እየተከሉ ነበር። አንዱ ሰውዬ «ና፣ ያዝ» አለኝ። ገመዱን ያዝኩ።