ብቻዬን የጣልኩት ዛፍ

የምኖረው ባሕር ዛፍ እየገዛሁ፣ እየቆረጥኩና እየሸጥኩ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ገበሬው ከማሳው ዳር ተክሎ ያሳደገውን ባሕር ዛፍ እንደቆመ እገዛለሁ። ቆርጬ፣ ቅርንጫፉን መልምዬ፣ ልጣጩን ልጬ መንገድ ዳር አወጣዋለሁ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የጭነት መኪና ይወስደዋል። አባቴ የተወልን መሬት ለእኛ ለወንድማማቾቹ ሲከፋፈል ለእኔ የደረሰኝ በሬ ለማዞር እንኳ የማይበቃ ስለነበር መጥረቢያዬን ይዤ ወጣሁ። እንደዚህ ነው የጀመርኩት።

መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ቀጥሬ ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር ግን “እርሻዬ ጠራኝ” ብሎኝ ሄደ። ምን ያጠፋው ነገር አለ፣ ገበሬ ነው። እኔ ግን ግማሹ የወደቀ፣ ግማሹ የቆመ ዛፍ ታቅፌ ጭቃ ውስጥ ቀረሁ። መኪናውም ገብቶ መጫን አልቻለም። ያን ክረምት ግንዱ እየጠቆረ ሲበሰብስ እያየሁ፣ ከእንግዲህ ሰው አልቀጥርም አልኩ።

ብቻን መሥራት ደግሞ ይጣፍጣል። ማንንም አትጠብቅም፣ ማንንም አትቆጣም። ዛፉን ዞር ብለህ ታየዋለህ፣ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፤ ከዚያ ትቆርጣለህ። ሲወድቅ ምድሪቱ ከእግርህ ሥር ትንቀጠቀጣለች፣ ቀጥሎ ጸጥታ ነው። በኋላ የሞተር መጋዝ ስገዛማ ጭራሽ ኮራሁ። ሰዎች “ያን ሁሉ ብቻህን?” ሲሉኝ ደረቴ ይነፋ ነበር። ጎረቤቶቼ በአጨዳ ጊዜ ወንፈል ይገባሉ፤ ዛሬ የአንዱን ጤፍ ያጭዳሉ፣ ነገ የሌላውን። እኔንም ይጠሩኝ ነበር። “መኪና ይመጣብኛል” እያልኩ ስቀር ስቀር መጥራቱን ተዉት። ባለቤቴ፣ “አንተ ሰው፣ ከሰው ወጣህ እኮ” ትለኝ ነበር። እኔ እስቃለሁ።

ጥምቀት አልፎ፣ ምድሩ ደርቆ፣ አንድ ገደል ሥር ያለ ዛፍ እየቆረጥኩ ነበር። ገደሉ ጥልቅ አይደለም፤ ከላይ ጫፉ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች የሚሄዱበት የእግር መንገድ አለ። አንዱን ዛፍ ስቆርጠው ሳይወድቅ ሌላው ላይ ተደግፎ ቀረ። እንዲህ ሲሆን ሁለት ሰው ካለ አንዱ በገመድ ይጎትታል፣ አንዱ ከጎን ይገፋል። ብቻውን የሆነ ሰው ትቶት መሄድ አለበት። ይህን አውቃለሁ። ግን ትቼው ብሄድ ነገ ማን ያወርድልኛል? ሥሩ ገባሁና ደጋፊውን ዛፍ መቁረጥ ጀመርኩ።

ሲወርድ አላየሁትም። መጋዙ ከእጄ ተፈናጥሮ ሲሄድና ሞተሩ ሲጠፋ ሰማሁ። ስነቃ በጀርባዬ ተኝቻለሁ፣ ግንዱ ቁርጭምጭሚቴን አፈሩ ላይ ጨፍልቆ ይዞታል። ልነሣ አልኩ፣ አልሆነም። ሱሪዬ ረጥቧል። ደም መስሎኝ በእጄ ዳሰስኩት። ደም አልነበረም።

ይህን ዛሬም ስጽፈው ፊቴ ይግላል። ትልቅ ሰው ነኝ፣ የልጆች አባት።

ጥቂት ቆይቶ ከላይ የሰው ድምፅ መጣ። ከገበያ የሚመለሱ ናቸው። አንደኛውን በአሳሳሉ አወቅኩት። አጥሩ ከአጥሬ የተያያዘ፣ አብሮኝ ያደገ ጎረቤቴ ነው። ስለ አንድ ወይፈን እየተጨቃጨቁ ነበር፤ እሱ “አያርስም” ይላል፣ ሌላው “ታያለህ” ይላል። አፌን ከፈትኩ። ድምፄ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ ዘልለው ሲወርዱ፣ ዙሪያዬን ከበው ሲቆሙ፣ ሱሪዬን ሲያዩ ታየኝ። ያ ብቻውን ሁሉን የሚችለው ሰውዬ! አፌን መልሼ ዘጋሁ። እግሬን በጣቴ ቆፍሬ አወጣዋለሁ አልኩ። ድምፃቸው እየራቀ ሄደ፣ የጎረቤቴ ሳልም ጠፋ። እኔም እፎይ አልኩ። ሰው መዳኛው ሲርቅበት እንዴት እፎይ ይላል?

መሬቱ አልተቆፈረም። ሥር የበዛበት ደረቅ መሬት ነው፤ ጥፍሬ ተላጠ። ፀሐይዋ ከገደሉ ወዲያ ስታዘቀዝቅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለማገዶ እየጠረጉ የሚወስዱ አንዲት ሴትዮ ናቸው፤ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፣ የሠፈራችን ሰው ናቸው። ሸክማቸውን አውርደው ቆመው አዩኝ።

“ምን ሆነህ ነው?”

“ደህና ነኝ እትዬ። ትንሽ አረፍ ብዬ ነው። ይሂዱ።”

“ደህና የሆነ ሰው ግንድ ታቅፎ ይተኛል?”

ቀረብ አሉ። ሁሉንም አዩ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ከወገቤ በታች ጣል አደረጉልኝ፣ ብርድ እንደያዘው ሰው።

“ልጩህ” አሉ።

“በሞቴ አይጩሁ! ሰው ሳያይ እኔው እወጣለሁ። ያን ዱላ ብቻ ያቀብሉኝ።”

“ለእግርህ ነው የምትፈራው ለስምህ?”

እጄን ወደ ዱላው ዘረጋሁ።

“እንግዲያስ አንተ ካፈርክ እኔ እጮኻለሁ” አሉና ገደሉ ጫፍ ላይ ወጥተው ኡኡታቸውን አቀለጡት። የዚያች ቀጭን ሴት ድምፅ ያን ያህል ይሄዳል ብሎ ማን ይገምታል!

መጡ። በአጨዳቸው ያልተገኘሁባቸው ሰዎች ሁሉ መጡ። ረጃጅም አጣና ከግንዱ ሥር አስገብተው ባንድነት አነሡት። ጎረቤቴ በብብቴ ሥር ይዞ ጎተተኝ፣ ከዚያም በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልቱ ድረስ አደረሱኝ። ማንም ነጠላውን አላነሣም። ማንም “ለምን ብቻህን” አላለኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኛሁ። የተሰበረውን አጥንት አስተካክለው በጄሶ አሰሩልኝ። ባለቤቴ ራስጌዬ ተቀምጣ ትጠይቀኛለች፦

“እስከዚያ ድረስ ምነው ሳትጮህ ቀረህ?”

“ማን ይሰማኛል ብለሽ ነው? ሰው አላለፈም።”

ይህን ስል ጎረቤቴ ዳቦ በፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ገባና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

“እኛ እኮ በዚያው ነው ያለፍነው” አለ። “ከገበያ ስንመለስ። ለአንድ ወይፈን ስንጨቃጨቅ፣ ወንድሜ ከታች ሲያቃስት ጆሮዬ ሳይሰማ ቀረ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ!”

ማለት የነበረብኝን አውቅ ነበር። አላልኩትም። “ተወው፣ ምን ታደርግ” አልኩት፣ ይቅርታ እንደሚያደርግ ሰው። እንባው መጣ። ባለቤቴም “አይዞህ፣ ሆነ ብለህ አይደል” አለችው። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ቤቴ ስገባ በምርኩዝ ነበር። ዛፉ ገደሉ ሥር እንደወደቀ አለ፣ የቆመውም ቆሟል፣ የመሬቱ ባለቤት “ክረምት ሳይገባ አንሣልኝ” ብሏል። አሁን ሳልወድ ሰው መቅጠር ግድ ሆነ። ሴትዮዋ ሰምተው ኖሮ መጡ። “ልጣጭ መላጥ እችላለሁ፣ ሥራ ስጠኝ” አሉ። ባለቤቴ ደስ አላት። እኔ ግን ሴትዮዋን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ባየኋቸው ቁጥር የማየው ነጠላውን ነው።

“ሰው አግኝቻለሁ፣ እትዬ” አልኳቸው። አላገኘሁም ነበር።

“እንግዲያስ እግዜር ይርዳህ” ብለው ሄዱ።

ባለቤቴ ያን ቀን አኩርፋኝ ዋለች። ከሠፈሬ ማንንም አልፈለግኩም። ሁሉም አይተውኛል። በሰው በሰው አስፈልጌ ከአምበር ከተማ ሁለት ጎልማሶች አስመጣሁ፣ የማያውቁኝ፣ የማላውቃቸው። ጠንካሮች ነበሩ። እኔ ጉቶ ላይ ተቀምጬ “ይህን ወደዚህ፣ ያን ወደዚያ” እላለሁ። ሌላው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ማየትን የመሰለ ከባድ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። መቀመጫዬ ይቆረቁረኛል፣ እጄን የት እንደማኖረው ይጠፋኛል።

ሴትዮዋ በዚያው ገደል ቅጠላቸውን ይጠርጋሉ። አንድ ቀን ከጎልማሶቹ አንዱ ግንድ ላይ አረፍ ብሎ፣ “ጌታው፣ እግርዎን ምን አገኘዎት?” አለኝ።

“በቅሎ ጣለችኝ” አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ሴትዮዋ ሰሙ። ቀና ሳይሉ፣ ቅጠላቸውን እያሰሩ፣ “እውነቱን ነው” አሉ። “በቅሎ ነው የጣለው። እዚህ ገደል ያለው ሁሉ በቅሎ ነው።”

ጎልማሶቹ ሳቁ፤ ሣር በሌለበት ገደል በቅሎ ከየት መጣ ብለው ይሆናል። እኔ ግን ገባኝ። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ይበቅላል፤ የጣለኝም ያው በቅሎ፣ አድጎ ነው። የሴትዮዋ አባት የቅኔ መምህር ነበሩ ይባላል። ውሸቴን ሳያፈርሱ እውነቱን ተናገሩት። በሰው ፊት ቢያዋርዱኝ ኖሮ እንደዚያ አልዋረድም ነበር። ምርኩዜን ይዤ ዛፍ የማይ መስዬ ዞር አልኩ።

ያ ሥራ አለቀ፣ መኪናው ጫነ፣ ጎልማሶቹም ወደ አገራቸው ሄዱ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጎረቤቴ አንድ ማለዳ መጣ። ግባ ብለው አልገባም። አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆመ።

“ሰማሁ” አለ።

“ምኑን?”

“አንተ እንዳልጮህክ። ሴትዮዋ ነገሩኝ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ‘ወንድሜን ሳልሰማው ቀረሁ’ እያልኩ ስተክዝ አይተው፣ በሌለብህ ኃጢአት አትንገብገብ ብለው ነገሩኝ። ድምፃችንን ሰምተህ ነበር?”

“ሰምቼ ነበር።”

 ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሲናገር ድምፁ ቀጠነ።

“ምን አድርጌህ ነው?”

“አንተ ምንም አላደረግከኝም።”

“ታዲያ እኔ አንስቼህ ከምትድን መሞት ይሻልሃል?”

“አፈርኩ” አልኩት።

“ከእኔ? አብሬህ ወንዝ ገላዬን ከታጠብኩት ከእኔ?”

ሱሪዬን ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፣ ቢስቅ ሁለታችንም እንገላገል ነበር። አልሳቀም። አየኝ፣ አየኝና፣ “ለዚህ ብለህ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኸኝ” አለ። “በል። ስትፈልገኝ ትጠራኛለህ። ካልጠራኸኝ ግን ሞተ ቢሉኝም አልመጣም።” ሄደ። ክረምቱን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም።

መስከረም ጠባ፣ አዲስ ዛፍ ገዛሁ። እግሬ ድኗል፣ ግን ቁርጭምጭሚቴ አይታጠፍም፤ ዛፍ ሲወድቅ ሮጦ መሸሽ አልችልም። መጀመሪያ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። “ሥራ አለ፣ ከፈቀዱ” አልኳቸው። “ከነጉቶ ተቀማጩ?” አሉ፣ ጉቶ ላይ ተቀምጬ ማዘዜን አንስተው። ሳቄ መጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። “ከነጉቶ ተቀማጩ” አልኩ።

ጎረቤቴ ጋ መሄድ ግን አቃተኝ። ቤቱ ከቤቴ ድንጋይ ውርወራ እንኳ አይሆንም። አንድ ቀን ደጁ ድረስ ሄጄ ውሻው ሲጮኽ ተመለስኩ። ሌላ ቀን ባለቤቴ፣ “እኔ ልጥራልህ?” አለችኝ። ያ አንገበገበኝና ሄድኩ። “ቤቶች!” አልኩ። እሱ ራሱ ወጣ፣ እጁ ሊጥ የመሰለ ጭቃ ይዞ፤ ጎተራ እየለቀለቀ ነበር።

“ሰው ያስፈልገኛል” አልኩት።

“ሰው?”

“አንተ ታስፈልገኛለህ።”

“አጨዳ እስኪደርስ ነው” አለ። “ከዚያ ወዲያ አንተ ወደ እኔ ትመጣለህ። ማጨድ ባትችል ትከምራለህ።”

እንደዚያ ሆነ። ኅዳር ላይ ነዶ ከመርኩ፣ ለሚከምሩትም አቀበልኩ፣ በሰው መካከል በአንድ እግሬ እያነከስኩ። የሚያጭዱት ሰዎች ቦታ ለቀቁልኝ፣ ከባዱን ከእጄ ቀሙኝ። ደግነታቸው ነው፣ ግን በእያንዳንዱ ነዶ አፈርኩ።

አሁን እንጨቱን በሦስት እንሠራለን። ጎረቤቴ ይጎትታል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ ሴትዮዋ ይልጣሉ፣ ሁላችንንም ይቆጣሉ። እውነቱን ለመናገር ጎረቤቴ ወሬ ያበዛል። ግንዱንም እኔ እንደምፈልገው አይደረድርም። አንዳንድ ቀን ሁለቱንም ወደ ቤታቸው ሰድጄ፣ ያን ጸጥታ ይዤ ብቻዬን መቆም ያምረኛል። አላደርገውም። ተምሬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። የማላደርገው ግን እግሬ ስለማይችል ብቻ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እፈራለሁ፣ ይህንንም ለሁለቱም አልነገርኳቸውም።