የጌጤ ቤት ጨው ቀማሽ

ጌጤን ለብዙ ዓመት አልወዳትም ነበር። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ኋላ ደግ ደጉን ሳወራላት የሥጋ ዘመዴ እንዳትመስላችሁ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሰው ቶሎ አልወድም፤ የወደድኩትንም ሰው ቶሎ አልነግረውም።

ጌጤና ባሏ ባዩ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት፣ ቁርስ ቤትና ዳቦ ቤት አላቸው። ቤቱ ሰፊ አይደለም፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከላዩ የመድኃኔ ዓለም ሥዕልና ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ። ከጓሮ በኩል ባዩ ፉርኖ ዳቦ የሚጋግርበት የእንጨት ምድጃ አለ። ባዩ ዝምተኛ ነው፤ መልስ ሲያጣ ይስላል፣ መልስ ሲኖረውም ይስላል። ጌጤ ፉሉን፣ ፍርፍሩንና ቂንጬውን ትሠራለች። ልጃቸው ትዝታ ታስተናግዳለች። በዚያ አጥንት ድረስ በሚገባ የጠዋት ብርድ ከቤቱ የወጣ ሰው የባዩን ዳቦ ሽታ ከሩቅ ይሰማዋል፤ እግሩም ባለቤቱን ሳያማክር ወደዚያው ያቀናል።

የእኔ እግር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አላቀናም። ምክንያቱ ሁዳዴ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት በሁዳዴ፣ አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ሲውል በጠዋት ደጁን ከፍቶ ፉል የሚያበላ ክርስቲያን ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው አልኩ። ስም አልጠራሁም፤ ሰዉ ግን ሁሉ ዞሮ ባዩን አየው። ባዩ ሳለ። የዕለቱ ተረኛ እሱ ስለነበር በየእጃችን የያዝነው ዳቦም የእሱ ነበር። ይህ አልበቃ ብሎኝ በማግሥቱ ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ በሁዳዴ ጠዋት ድስት የምትጥደው ለማን እንደሆነ ጌጤን ጠየቅኳት። ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር።

«ለማይችለው ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።

የማይችል ሰው ቤቱ ይተኛ ብያት ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ዳቦ የምገዛው ከታችኛው ሰፈር ሆነ። እውነቱን ለመናገር የታችኛው ሰፈር ዳቦ ጥርስ ይፈትናል።

ያን ጊዜ ያላወቅኩት ነገር ነበር። ጌጤ ራሷ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ወደ አፏ አታስገባም። ትዝታ ለሥራ ኩዌት ሄዳ ስድስት ወር ድምጿ በጠፋ ጊዜ፣ ልጄን በሰላም መልስልኝ እንጂ ዕድሜ ልኬን ጾሙን ሁሉ እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ ብላ ተሳለች፤ ስለቱንም የልጅቱን መመለስ ሳትጠብቅ ጀመረችው። ባዩ ማንም ሳይጠይቀው ተከተላት። ትዝታም ከአራት ዓመት በፊት በደህና ስትመለስ አብራቸው ገባችበት። እንግዲህ በየጠዋቱ ከተማውን በሚያበላው ቤት ውስጥ አንድም የሚበላ ሰው የለም ማለት ነው። ይህን ጠይቄ ልደርስበት እችል ነበር። ፈራጅ ግን አይጠይቅም።

ዐምና በክረምት ስኳር በሽታ ተገኘብኝ። ሐኪሙ ኪኒን ሰጠኝና፣ ጠዋት ጠዋት ከምግብ ጋር እንድውጠው፣ ውጬ ካልበላሁ እንደምወድቅ ደጋግሞ ነገረኝ። ሁዳዴ ሲቃረብ የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። ብላ፣ በጾሙ ፈንታ ጸሎትህን ጨምር አሉኝ። በእግዚአብሔር በኩል ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው፤ የቀረኝ የደብረ ታቦር ሰው ነበር። ያን ሁሉ ሰንበቴ ላይ የተናገርኩ ሰው በሁዳዴ ጠዋት ዳቦ ይዤ ልታይ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ ደግሞ የተናገርኩት እንዳይጠፋ ብዬ ራሴን ላጠፋ ደረስኩ።

ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ ልጆቼ ባሕር ዳር ናቸው። ቤቴ ውስጥ በሬን ዘግቼ ያደረ ዳቦ ለመብላት ሞክሬ ነበር። ተደብቆ የሚበላ ዳቦ ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ኪኒኑን እየዋጥኩ ዳቦውን ተውኩት።

በዚህ ሞኝነት ብቻዬን አልነበርኩም። የሁዳዴ ሰሞን በሆስፒታሉ የስኳር ታካሚዎች ሰልፍ ላይ ይርጋን አገኘሁት። ይርጋ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከእኔ የባሰ ኩሩ። ሰው ላደርስ ነው የመጣሁት አልኩት። እኔም አለኝ። ሁለታችንም ካርዳችንን ከጋቢያችን ሥር ይዘን አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ በልግ ዝናብ አወራን።

የሁዳዴ ሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በጌጤ ደጅ በኩል ሳልፍ ጉልበቴ ከዳኝ። ዓይኔን ስገልጥ አግዳሚ ወንበሯ ላይ ተጋድሜአለሁ፤ አፌ ውስጥ ስኳር ስኳር ይለኛል፤ ባዩ ዱቄት በነካው እጁ ራሴን ይዞታል። ድንጋይ አደናቀፈኝ አልኩ። የቤቱ ደጅ አስፋልት ነው፣ ለምልክት የሚሆን ጠጠር እንኳ የለውም። ድንጋይ የታለ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ጌጤ ከኪሴ የወደቀውን ኪኒን ከመሬት ለቅማ፣ ፊቴን ሳታይ እጄ ላይ አኖረችልኝና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

በማግሥቱ በዚያው ሳልፍ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ቢያግዙኝ። እዚህ ቤት ያለነው ሁላችንም እስከ ዘጠኝ ነን። የፉሉን ጨው የሚቀምስልን ሰው አጥተን ተቸገርን።»

በሁዳዴ እኔን ቅመስ ትይኛለሽ ወይ ብዬ ልቆጣት ስል ቀደመችኝ።

«መቅመስ ሥራ ነው እንጂ መብል አይደለም» አለች።

ነገሩን ሳስበው ትክክል መሰለኝ። ደግሞም ሰው ሲቸገር ማገዝ በሁዳዴ ይበረታታል እንጂ አይከለከልም። ወደ ጓዳ አስገብታ ምድጃው አጠገብ፣ ከመንገድ በማይታይ ቦታ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። በትንሽ ሳህን ፉል፣ ከአናቱ ዘይትና ቃሪያ፣ ከጎኑ ትኩስ ዳቦ አመጣች። ቀመስኩ። ቀማሽ አንድ ነገር ማለት አለበትና፣ ትንሽ ጨው ጎድሎታል አልኳት። አመስግና ሄደች፤ ተመልሳ መጣችና በአንድ ጉርሻ የጨው ልክ አይታወቅም፣ ይድገሙት አለችኝ። ደገምኩት።

እንዲህ ሆኜ የጌጤ ቤት ጨው ቀማሽ ሆንኩ። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በጓሮ በር እገባለሁ። ሳህኑ ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ ሄደ፤ ዳቦውም ከቁራሽ ተነሥቶ ሙሉ ሆነ። ሻይም ይመጣ ጀመር፣ ያለ ስኳር። ስኳር እንደማልጨምር ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም። ዕድሜዬን በሙሉ ቁጥር ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ አንድ ዳቦና አንድ ሳህን ፉል መቅመስ እንደማይባል ማስላት አቃተኝ።

ሥራዬን ግን ቀልድ አላደረግኩትም። ትናንት በዝቶ ነበር፣ ዛሬ አንሷል፣ ቃሪያው ጨውን ይደብቀዋል እያልኩ እገሥጻለሁ። አንድ ቀን ስለ ውኃና ጨው ምጣኔ ረዘም ያለ ትምህርት ሰጠኋት። ጌጤ በጥሞና ሰማችኝ። ባዩ ከምድጃው በኩል ሳል ሳል አለው።

ጉልበቴ ጠና፤ ራሴን ማዞሩንም ተወኝ። በእነዚያ ጠዋቶች የጌጤንም ታሪክ በየቁራሹ ሰማሁ። የተወለደችው ከጣራ ገዳም በታች ባለ መንደር ነው። እናቷ ዳቦ ጋግራ ወደ ገዳሙ ለሚወጡ ተሳላሚዎች ትሸጥ ነበርና፣ ጌጤ ዳቦ መሸከም የጀመረችው ጥርሷን ሳትነቅል ነው። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ከተማ ገባች። ባዩ ያን ጊዜ በሰው ዳቦ ቤት እንጨት ፈላጭ ነበር። ሊጥ አቡክቶ ሲያሳያት፣ ልጁ እንጨት ብቻ አይደለም የሚያውቀው ብላ እንዳገባችው ስትነግረኝ ባዩ እዚያው ነበር። ያን ቀን አልሳለም፤ ሳቀ። እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ከሚስቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ረቡዕ ለጉልበቴ ቁርጥማት ወንዛዬ ፍል ውኃ ልሄድ አሰብኩ። ወደዚያ የሚያደርሰኝ የሐሙሲት ሚኒባስ በማለዳ ስለሚወጣ፣ እነ ጌጤን ያለ ቀማሽ ጥያቸው እንዳልሄድ ብዬ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። በጓሮ በር ስገባ ጓዳው ባዶ ነው። ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ብቅ ስል ቤቱ ጢም ብሏል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ የሆስፒታል ካርድ የያዙ አንዲት አሮጊት። ሁሉም ይበላሉ፤ ትልቁ ድስት ተጋምሷል።

ተናደድኩ። ሳልቀምሰው ለሰው መቅረቡ ነው ያናደደኝ። ዛሬ ማን ቀመሰው ብዬ ትዝታን ያዝኳት። ልጅቱ የምጠይቃት አልገባትም።

«ማንም አይቀምሰውም። በማንኪያ እኮ ነው የምንለካው» አለችና ከኩዌት ያመጣችውን መለኪያ ማንኪያ ከተሰቀለበት አውርዳ አሳየችኝ። ለአንድ ድስት ሁለት፣ አፉን ሞልቶ። ከመጣች ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ አራት ዓመት። አጠገቤ የተቀመጠውን ተማሪ ጨዉ እንዴት ነው አልኩት። እንደ ሁልጊዜው ነው አለኝና ሳህኑን ወደ ራሱ ጠጋ አደረገ።

ወደ ጓዳ ተመልሼ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። አፍሬ ነበር፤ ዓይኔም እንባ አቅርሮ ነበር። ጌጤ እንደ ወትሮው ፉሌንና ዳቦዬን በሳህን ይዛ ገባች።

«ታዲያ እኔን ለምን ታስቀምሽኛለሽ?» አልኳት።

«ይብሉ ብልዎት ይበሉልኝ ነበር?»

ነገሩን ከእናቷ እንደተማረችው ነገረችኝ። የጣራ ገዳምን አቀበት ሲወጡ የሚዝሉ ተሳላሚዎች ነበሩ፤ ዳቦ ስትሰጣቸው ግን ጾመኛ ነን እያሉ ይመልሱላት ነበር። ሴትዮዋ፣ እስቲ ይህ ዳቦ በስሎ እንደሆነ ቅመሱልኝ ማለት ስትጀምር ግን ማንም አልመለሰላትም። ያን የሰንበቴውን ንግግሬንና ደጇ ድረስ መጥቼ ያልኳትን አነሣሁባት። አላስታውሰውም አለችኝ። ታስታውሰዋለች።

ሳህኔን ይዤ ተነሣሁ። ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ወጣሁና በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስገባ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም። ኪዳን አድርሰው የሚመለሱ የማውቃቸው ሰዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ያልፋሉ። አየት ያደርጉኛል፤ እንዴት አደሩ ይሉኛል፤ ያልፋሉ። በቃ ይኸው ነው። ደብረ ታቦር ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁትን ያህል የእኔ ሳህን አላሳሰባትም። ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ አልቆመም። የሐሙሲት ሚኒባስ እየጮኸ ወጣ፤ እኔም ተውኩት።

ልጨርስ ስል ይርጋ መጣ። ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቧል፤ በአንድ እጁ የሱቁን ግድግዳ እየነካ ይሄዳል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ያን አካሄድ አውቀዋለሁ። ታመሃል፣ ግባና ብላ ልለው አፌን ከፈትኩና መለስ አልኩ። እንዲያ ካልኩት እስከ ቤቱ ድረስ በኩራቱ ሄዶ እዚያ እንደሚወድቅ አውቃለሁ።

«ይርጋ፣ ና እስቲ አንድ ነገር አግዘን» አልኩት። «የዚህ ቤት ሰዎች ሁሉም እስከ ዘጠኝ ናቸው። ጨው የሚቀምስላቸው አጥተዋል፤ የእኔን ምላስ ደግሞ አላመኑትም።»

ይርጋ ግራ ቀኙን አየ። ሳህኔን አየ። በሁዳዴ ጠዋት አንተ ነህ ወይ ሊለኝ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«መቅመስ ሥራ ነው እንጂ መብል አይደለም» አልኩት።

ጌጤ ከኋላዬ ሰምታ ኖሮ ቀረብ አለች። ጋሽ ይርጋ በዚህ በኩል ብላ ወደ ጓዳ መራችው፤ እኔ በተነሣሁበት በርጩማ ላይም አስቀመጠችው። ትንሽ ሳህን ፉል፣ ትኩስ ዳቦ፣ ያለ ስኳር ሻይ ስታሳልፍ አየሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። አንዴ ጎረሰ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትንሽ ጨው ጎድሎታል» አለ።

ጌጤ አመሰገነችው፤ ጨው አምጥታም ድስቱ ላይ የምትነሰንስ አስመሰለችለት። ባዩ ከምድጃው በኩል ሳለ።