ከሰኔ እስከ ጥር ብትታመምስ?

እኔ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ከምሳ በኋላ እስከ መግሪብ ሶላት የተባለ ነገር አይቆጠርም። ድሬዳዋ ተወልዶ ላደገ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይይዛል፣ ምርቃና ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ፎቅ ይሠራል፣ መኪና ያስመጣል፣ ከጅቡቲ ዕቃ ያወርዳል። ሲመሽ ፎቁም መኪናውም የለም። በማግስቱ «ትናንት እንዲህ ብለህ አልነበር?» ብሎ የሚይዝ ሰው የለም፤ ነውር ነው።

በዚያች የሰኔ ቅዳሜ ባሌ ከአለቃው ቤት ጫት ቅሞ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ሥራ ለቀቅኩ» አለኝ።

የደንበኛዬን ድሪያ ቀሚስ ጫፍ እያጠፍኩ ነበር፤ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። «አቦ ቁጭ በልና ውሃ ጠጣ» አልኩት። ሊቀመጥ ነው እንዴ! ወዲያ ወዲህ እያለ አወራ። የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ የሕልሙ ሕልም ግን የራሱ የፍሪጅና የፋን መጠገኛ ነው። በዚህ ሙቀት ፋኑ የቆመበት ሰው ጠጋኙ እግር ሥር ይወድቃል፣ እውነቱን ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ተለቃለች፤ ባለቤቷ እስከ ሰኞ እይዝልሃለሁ ብሎታል። እሱም እዚያው ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ ወረቀት ለምኖ መልቀቂያውን ጽፎ፣ አጥፎ፣ ለአለቃው ሰጠ። አለቃው ሽማግሌ ነው፤ ሳያነባት ትራሱ ሥር ከተታትና «ሰኞ ጠዋት አነባታለሁ» አለው።

«ሕክምናውስ?» አልኩት።

ፋብሪካው ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ ሕክምና ይከፍላል። ማኅተም ያለባትን ደብዳቤ ይዘን ከሄድን ክሊኒኩ ምንም አይጠይቀንም። ልጃችን ያኔ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላት ነበር፤ አስም አለባት። አቧራው በተነሳ ቁጥር ደረቷ ይዘጋል። በሚያዝያ አንድ ቀን እንዲሁ ተዘግቶባት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ በባጃጅ ይዣት ስበር ያቺ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። አፍንጫዋ ላይ ጭምብል አድርገው መድኃኒቱን ሲሰጧት ማንም «መጀመሪያ ካርድ ቁረጪ» አላለኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትተኛ ጀርባዋ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካለ እኔ አልተኛም።

«ቀበሌ የጤና መድን እንገባለን፤ ይሄ ምን ችግር አለው?» አለኝ።

እሑድ በጠዋት፣ እሱ ገና ሳይነሳ፣ ድሪያውን ጠቅልዬ ሄድኩ። ድሪያው የማን መሰላችሁ? የቀበሌያችን የጤና መድን መዝጋቢ የሆነችው የሱማሌዋ ሴትዮ ነው፤ ጎረቤቴም ደንበኛዬም ናት። ልብሱን እየለካች ሁሉን ሰማችኝ።

«አባዮ» አለችኝ፤ ስታዝንልኝ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። «ምዝገባ በዓመት አንዴ ነው፣ ጥር ላይ። በመሐል የወለደችኝ እናቴ ብትመጣም አልመዘግባትም። ደመወዝተኛ ስለማንመዘግብ ጥር ሲሆን መልቀቂያውን ይዞ ይምጣ፣ ያን ጊዜ እኔው ራሴ እጽፋችኋለሁ።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ሰባት ወር። ጳጉሜን ሳይጨምር።

ቤት ስመለስ ባሌ ፊቱን ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ በባዶ ሆዱ በር ላይ ቆሟል። ሕጉን ያውቀዋላ! «ይኸው ጠዋት ነው፤ ምርቃና የለም። አሁንም ሥራዬን እለቃለሁ ነው የምለው» አለኝ። ወይኔ ጉዴ! ሃሳቡ የእውነት መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ስድስት ዓመት የሰው ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ የራሱን በር በራሱ ቁልፍ መክፈት አማረው፣ ምን ያድርግ?

ስለ ጥር ነገርኩት።

«ሰባት ወር ምን አላት? ደህና ናት'ኮ! ከሚያዝያ ወዲህ አንዴ እንኳ አልታመመችም።»

«ብትታመምስ?»

«አታሟርቺ። የፈሩት ይደርሳል።»

«ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልም አለ!»

«ቢመጣ ተበድሬም ተለቅቼም አሳክማታለሁ፤ እኔ አባቷ አይደለሁም?»

እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ በር የለውም። «ሠርጋችን ወር ሳይሞላው እድር የገባነው እኛ አይደለንም?» አልኩት። «አንድ ወር አሳልፈን እናውቃለን? ልጅህ ብትሞት ድንኳኑም ወንበሩም ዝግጁ ነው። ብትታመም ነው ምንም የሌለን!»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ እኔም ደነገጥኩ። እሱ አመድ መሰለ። «አፍሽን ያዢ» ያለኝ በሹክሹክታ ነበር። ልጅቷ ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጣ የክር መጠቅለያዎቼን እየደረደረች ታዜማለች። ተሸክሟት ወጣ። እስከ ምሳ አልተመለሱም፤ እኔም ተንበርክኬ ምላሴን ረገምኩት።

ግን እውነት አይደለም? ለሞት ስንዘጋጅ ወግ ነው፣ ማንም ሟርት አይለውም። እድርተኛ ሁሉ በወሩ መጨረሻ ሰልፍ ይዞ ይከፍላል። ለበሽታ እንዘጋጅ ሲባል ግን ወንዱ ሁሉ «አታሟርቺ» ባይ ነው። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሰኞ አለቃው ቁርሱን ሳይበላ ባሌ ደጁ ደረሰ። የሆነውን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። በእኛ ሀገር ሽማግሌም አለቃም «አንተ» ነው፤ አንቱታ ብዙም አናውቅ። «ደብዳቤዬን መልስልኝ» አለው። ሽማግሌው ከኮቱ ኪስ አወጣት፤ እንደታጠፈች ናት። «የበርጫ ደብዳቤ ሰኞ ረፋድ ላይ ነው የሚነበበው፤ ባለቤቱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» አለው። ከዚያ ሌላ አንድም ነገር አልጠየቀውም። ስንት ደብዳቤ እንዲህ ኪሱ ውስጥ አድሮ እንደተመለሰ እሱ ነው የሚያውቀው። ባሌ ያችን ወረቀት አምጥቶ «እስከ ጥር» ብሎ የልጅቷ የክትባት ካርድ ውስጥ ከተታት።

የከዚራዋ ሱቅ በሳምንቷ ጭማቂ ቤት ሆነች። በዚያ ባለፍን ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ማታ ማታ ግቢያችን ውስጥ የጎረቤት ፋን ይጠግናል፤ ልጅቷ ብሎኖቹን ቆርቆሮ ውስጥ እያንኳኳች «ሥራ ላይ ነን» ትለኛለች። ደስ የሚል ጊዜ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ሐምሌ አለፈ፣ መስከረም መጣ፣ የዘይቱን ፍሬ ገበያ ሲገባ ፊቷ ሁሉ ዘይቱን ሆነ። እኔ በየምሽቱ ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ ለጠፍኩ። ሲር የሚል ነገር የለም።

ጥር መጣ። ጠዋት ያችኑ ደብዳቤ፣ መታጠፊያዋ ላይ ልትቀደድ የደረሰችውን፣ ለአለቃው ሰጠው። ሽማግሌው ዘንድሮ እዚያው ፊት ለፊቱ አነባትና ፈረመባት። ረፋዱ ላይ ቀበሌ ተሰለፍን። ደንበኛዬ ያንኑ ድሪያ ለብሳ መዘገበችን። ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ ልጅቷ ምላሷን ያወጣችበት ነው፤ ሌላ አልነበረንም።

አዲሱ ሱቅ የተገኘው ሳቢያን ሰፈር ነው፤ ዛፍ የለው፣ ጥላ የለው። ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። ባሌ ግን በሩን በራሱ ቁልፍ ይከፍታል፤ ሲከፍት ያፏጫል።

ባለፈው እሑድ ሦስታችን ከዚራን ስናልፍ በዚያች ጭማቂ ቤት ፊት ቆመ። ዛፉ ሥር ሰው ሞልቷል።

«አየሽ ቦታውን? ሰባት ወር ሙሉ ጠበቅን፤ ምን ሆነች? አንድ ቀን እንኳ አላሳላትም'ኮ! አንድ ቀን!»

እጁን ዘርግቶ እንደተቆጣ ቀረ። ያለውን ራሱ ሰማው። ልጅቷ በመሐላችን ሆና የሁለታችንንም እጅ ይዛ እየዘለለች ነበር። መንገዱ መሐል በርከክ አለና ጀርባዋን ወደ ራሱ አዞረ፣ ቀሚሷ ላይ ጆሮውን ለጠፈ። አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያየዋል፤ እሱ እቴ!

«ምን ይሰማል?» አልኩት።

«ምንም» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።