ያለ ድምፅ መጮህ የተማርንበት ክፍል

ልጅ እያለሁ፣ እዚሁ ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር ውስጥ መጮህን በእንግሊዝኛ ተማርኩ። ቃሉን ከነዘመዶቹ አሳምሬ አውቀው ነበር፤ ሻውት፣ የል፣ ስክሪም፣ ኮል። ድምፅ አውጥቼ ግን አንዱንም ብዬው አላውቅም። ዛሬ የምሠራበት ቤት ልጆች ግቢው ውስጥ ሲንጫጩ ስሰማ ያቺ ክፍል ትመጣብኛለች፤ የበርበሬና የእርጥብ ልብስ ሽታዋ፣ የኤሲው ጉርምርምታ፣ መጋረጃው ተገልጦ የማያውቀው መስኮቷ።

እናቴ ኢቃማ አልነበራትም። ሪያድ የኖረ ሰው ይህን ከሰማ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ላልኖረ ልንገረው፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት እናት ልጆች ትምህርት ቤትም ደጅም አያውቁም። አባታችን ሥራ ፍለጋ ጅዳ ሄዶ በዚያው ቀርቶ ነበርና እናቴ ጠዋት ሰው ቤት ለማጽዳት ስትወጣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አንዋርን ከውጭ ቆልፋብን ትሄዳለች። ፍተሻ ቢመጣ ቁልፉን አይተው ባዶ ቤት ነው ብለው እንዲያልፉ ነው። ክፋት አልነበረም፤ በዚያ ሕንፃ ልጅ ያላቸው ሐበሾች ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ታች ላሉት ኮቴያችን እንዳይሰማ ጫማችንን ራሷ ታወልቅልንና “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” ብላን ትወጣለች።

ከሰዓት በኋላ ግን ቲቸር ሙሉ ነበረችልን። ፎቃችን ላይ የምትኖር የደሴ ልጅ ናት። አገሯ አስተማሪ ነበረች፤ እዚህ ማታ ማታ የሠርግ አዳራሽ ታጸዳለች። የየክፍሉ ትርፍ ቁልፍ እሷ ዘንድ ስለነበር እንቅልፏን እንደጨረሰች እየዞረች ትከፍትልንና እሷ ክፍል አስገብታ እንግሊዝኛ ታስተምረናለች። ግሥ የሚያዘው በአፍ ሳይሆን በገላ ነው ትል ነበር። ስለዚህ ሩጫን ፍራሽ ላይ ባለንበት እንሮጠዋለን፣ መዋኘትን ምንጣፍ ላይ በሆዳችን ተኝተን እንዋኘዋለን፤ ሁሉንም ያለ ድምፅ።

የመጮህ ተራ ሲደርስ እሷም ትንሽ አሰብ አደረገች። ከዚያ አንድ በአንድ አስረዳችን። ሻውት ማለት ሩቅ ያለ ሰው እንዲሰማህ ድምፅህን ከፍ ስታደርግ ነው፤ ቁጣ ላይኖርበት ይችላል። ቁጣ ከገባበት የል ይሆናል። ስክሪም ፍርሃት ሲይዝህ ነው፤ ቃል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ኮል ደግሞ የምትፈልገውን ሰው ስም ይዘህ ስትጣራ። ለእያንዳንዱ ፊት አበጀችለት። ለሻውት ሁለት እጅ አፍ ዙሪያ፣ ለየል የተኮማተረ ግንባርና የሚወዛወዝ ጣት፣ ለስክሪም የተበለጠጠ ዓይን። አንዳችን አፉን ከፍቶ ይቆማል፣ ሌሎቻችን የትኛው እንደሆነ እንገምታለን። አብዲ የሚባል የሐረር ልጅ የል ሲል ትኩስ ድንች የጎረሰ ይመስል ነበር። ሳቃችንን ብርድ ልብስ አፋችን ውስጥ ጠቅጥቀን ስናፍነው ሆዳችንን ያመናል። በስክሪም ግን የሚስተካከለኝ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ብቻ ቲቸር ሙሉ ጨዋታውን መሃል ላይ አስቆመችን። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ቆመናል፣ ክፍሉ ጭጭ ብሏል። አየችንና ዓይኗ እንባ አቀረረ። “ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል” አለችን። “አገራችሁ ስትገቡ በድምፅ ትሉታላችሁ፣ ኢንሻአላህ።” ክርስቲያን ብትሆንም ኢንሻአላህ ከአፏ አይጠፋም ነበር።

አንድ ጠዋት አንዋር በትኩሳት ነደደ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ብዙ አመነታች። ማዳሟ ከቀረሽ ኸላስ፣ ሌላ ሠራተኛ አመጣለሁ ብላታለች። ሽሮፕ አጠጣችው፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ አደረገችለት፣ ቲቸር ሙሉ ኋላ ትመጣለች ብላኝ ቆልፋ ሄደች። ቲቸር ሙሉ ግን ያን ቀን ለትልቅ ሠርግ ገና በጠዋቱ ተጠርታ ወጥታ ነበር። ይህን እኔም እናቴም አላወቅንም።

የቀትሩ አዛን ሳይሰማ አንዋር ድንገት ደረቀ። ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ እጅ እግሩ ይንዘፈዘፍ ጀመር። በሩ ጋ ሮጬ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ዓይኔ ተበልጥጧል፣ ፊቴ ቲቸር ሙሉ እንዳስተማረችኝ ሆኗል፣ ድምፁ ግን የለም። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁንም የለም። ልጅ ብሆንም ይገባኝ ነበር፤ ከጮህኩ ሹርጣ፣ ፖሊሱ፣ ይመጣል፣ ሹርጣ ከመጣ እናቴ ተያዘች ማለት ነው። ካልጮህኩ ደግሞ ወንድሜ እዚያው ፍራሽ ላይ ሊሞትብኝ ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ጠቦኝ አያውቅም። ዞር ስል ከአንዋር አፍ አረፋ ይወጣል። ያኔ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ጉሮሮዬን ሰንጥቆ ወጣ።

“ኡኡ! የሰው ያለህ!”

ይህን ማንም አላስተማረኝም። ከታች ሱቅ ያለው የመናዊ አማርኛ አይችልም፣ ግን ሰማኝ። በብረት ቁልፉን ሰበረና አንዋርን አቅፎ በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን። ሐኪሞቹ ደረሱለት፣ ልጁ ተረፈ። ከዚያ የልጁ ኢቃማ የታለ ተባለ። እናቴ ወሬ ደርሷት የአባያዋ እጅጌ እንደራሰ እየሮጠች መጣች። ከአልጋው አጠገብ የቆመውን ፖሊስ ከሩቅ አይታዋለች፤ ብትመለስ ማንም አይከተላትም ነበር። በአጠገቡ አልፋ አንዋር እግር ሥር ተቀመጠች።

ወደ አገር የሚመለሱ ሰዎች የሚጠብቁበት አዳራሽ አስገቡን፤ ተርሂል የሚሉት ነው። የየአገሩ ሕፃን ይጮሃል፣ ይላቀሳል፣ ይሯሯጣል። ያን ያህል የልጅ ድምፅ በአንድ ላይ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ አፌን ገጥሜ መቀመጤን አይታ ፀጉሬን ዳበሰችኝ።

“አሁንማ ጩሂ ልጄ፣ ከእንግዲህ ከማን እንደበቃለን?”

እኔ ግን ጭኗ ላይ ተደፋሁ። ቲቸር ሙሉን ሳልሰናበታት ሄድኩ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አድጌ ተመልሼ እዚሁ ከተማ መጣሁ። ባዲዓ ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት እሠራለሁ። ኢቃማዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ የሚቆልፍብኝ የለም፣ ዝም በይ ያለኝም የለም። የቤቱ ልጆች ደረጃው ላይ እየጮሁ ሲወርዱ እናታቸው ትስቃለች፤ እኔ ግን ልቤ ድንግጥ ይላል። አንዋር ጎረምሳ ሆኗል። ከሚሴ መናኸሪያ ቀኑን ሙሉ ደሴ፣ ኮምቦልቻ እያለ ተሳፋሪ ይጣራል፣ ድምፁ ሻካራ ነው። ማዳሜ ከምሳ በኋላ ስትተኛ እደውልለታለሁ። በሬን ዘግቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ ልናገር ስል ድምፄ ከትንፋሼ አያልፍም። ላስተካክለው ሞክሬ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ያን ቀን ጩኸቴን ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰማው አንዋር ብቻ ነበር። ዛሬም በስልክ፣ በዚያ ሁሉ የመኪና ጡሩምባ መሃል ቆሞ፣ “እህቴ፣ አይሰማኝም፤ ጮክ በይ እንጂ” ይለኛል።