የቀማሿ ምላስና የሊቀመንበሩ ጉድጓድ

ሴትዮዋን ሰው ሁሉ «ቀማሿ» ይላታል። በችግኝ ጣቢያው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ ያገኘችው ሹመት ይህ ቅጽል ስም ብቻ ነው። ስሙ የወጣላት አፈር በጣቷ ቆንጥራ፣ ውሃ በመዳፏ ጨልፋ ምላሷ ላይ ሳታሳርፍ ችግኝ ስለማታጠጣ ነው። ሲያዩዋት ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ለመሳቅ እውቀት አይጠየቅም።

ሥራዋ ለሚያያት ቀላል ነው። ጥቁሩን የላስቲክ ከረጢት አፈርና ፍግ ትሞላለች፣ የአቮካዶ ዘር ትቀብርበታለች፣ ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ሲደርስ በምላጭ ሰንጥቃ ከጥሩ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ ታዳቅልበትና በላስቲክ ጠምጥማ ታስረዋለች። በዚህ የተነሳ ወገቧ ጎብጧል፣ ጣቶቿም የምላጭ ጠባሳ ብቻ ሆነዋል። ባሏ «የእኔ የሸሚዝ ቁልፍ ከወለቀ ዓመቱ፣ አንቺ ግን የእንጨት ቁስል ታስሪያለሽ» ይላታል። «እንጨቱ ሲታሰር አይነጫነጭም» ትለዋለች፤ ቁልፉም እንደወለቀ ይቀራል።

በዚያ ዓመት ሦስት ሺህ የአቮካዶ ችግኝ ነበራት፤ አንድም ሳይቀር በራሷ እጅ የተዳቀለ። ዝናቡ ሲገባ ለተመዘገቡ አትክልተኞች ይታደላል። እስከዚያ በሕይወት ማቆየት ነው፤ ይህ ደግሞ እሷን አያቅታትም ነበር፣ ሊቀመንበሩ ጉድጓድ ባያስቆፍር ኖሮ።

ሊቀመንበሩ ችግኝ ጣቢያውን በሚያስተዳድረው ማኅበር ሊቀመንበር፣ በቤት ደግሞ የታናሽ እህቷ ባል ነው። ሥራ ሳይጀምር ስለ ውጤቱ የሚናገር ሰው ነው። ጉድጓዱ የተመረቀ ዕለት ሪባን ቆረጠ፣ «ንጹሕ ውሃ ለብሩህ ነገ» የሚል ሰሌዳ አስተከለ፣ የራሱንም ስም ከ«ውሃ» በሚበልጥ ፊደል አስጻፈበት። ከዚያም ከወንዙ የሚመጣውን አሮጌ ቦይ «ኋላ ቀር» ብሎ አሸዋ በተሞላ ጆንያ አስደፈነው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሕዝብ ለጉድጓዱም ለድፍኑም እኩል ያጨበጭባል።

ቀማሿ ከአዲሱ ቧንቧ ጨልፋ ቀመሰችና ተፋችው።

«ይኼ ውሃ ጨው ነው።»

«እትዬ፣ ዛሬን እንኳ ተይኝ» አላት ሊቀመንበሩ፣ ፊቱን ለካሜራ እያበራ። «ምላስ ላቦራቶሪ አይደለም።»

«ላቦራቶሪ ወስደኸዋል እንዴ?»

«በሂደት ላይ ነው።»

በሂደት ላይ ያለ ነገር ደግሞ ከተቀመጠበት መሳቢያ ወጥቶ አያውቅም።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ የአቮካዶው ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቡናማ ሆነ፤ እሳት የላሰው ወረቀት መሰለ። ቃጠሎው ከጫፍ ተነስቶ በጠርዙ ወረደ። በየከረጢቱ አፈር ላይ ነጭ ነገር እንደ ሽበት ብቅ አለ። ቆንጥራ ቀመሰችው። ባትቀምሰውም ታውቀው ነበር።

የማኅበሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ኮሚቴ የደረቀ ቅጠል ሲያይ የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ነው፦ ጠምቶታል! «በቀን አንዴ የነበረው ሦስቴ ይሁን፤ ውሃ እንዳይባክን ግን ጥቂት ጥቂት» ብለው ወሰኑ። ጥቂት ጥቂት! ውሃውን ፀሐይ ትወስደዋለች፣ ጨዉ ግን ከረጢቱ ውስጥ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል። በቀን ሦስቴ እየመጣ የሚደራረብ ዘመድ በሉት።

«ስሙኝ» አለች ቀማሿ። «ችግኙ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚጠማው። ጨዉ ውሃውን ይዞ ለሥሩ አልለቅም ይላል። ቦዩን ክፈቱልኝና ከታች እስኪፈስ ድረስ በደህና ውሃ ልጠበው።»

«ሐሳብሽ ተመዝግቧል» አሏት። ተመዝግቧል ማለት ተቀብሯል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ለቀብር ሰው ያለቅሳል።

ቀጥሎ አዲስ የተመደበ የእርሻ ባለሙያ መጣ፣ ጫማው ጭቃ የሚባል አይቶ የማያውቅ። ችግኞቹን ከበር ላይ ቆሞ አየና «የምግብ እጥረት ነው» ብሎ ማዳበሪያ አዘዘ። ማዳበሪያ ራሱ ከጨው ወገን ነው። በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ሲባል ቀማሿ ስትሰማ ኖራለች፤ በፊርማና በማኅተም ሲታዘዝ ያየችው ግን ያን ቀን ነው።

«ደግሞ ከጎኑ ያለው ዘይቱን ያንኑ ውሃ እየጠጣ ደህና ነው» አለ ባለሙያው። «ስለዚህ ጥፋቱ የውሃው ሳይሆን የአቮካዶው ነው።»

«ልጄ፣ ዘይቱን ጨው ይችላል፣ አቮካዶ አይችልም። አህያ የቻለችውን ጭነት ዶሮ ላይ ትጭናለህ?»

ኮሚቴው ሳቀ። ሳቁ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም፤ ዶሮዋም አልሰፈረችም።

ቀማሿ መከራከሩን ተወችና በሥራ ልታሳያቸው ተነሳች። ባለፈው ክረምት ከቢሮው ጣሪያ ያጠራቀመችው ሁለት በርሜል የዝናብ ውሃ ነበራት። አርባ ችግኝ ለይታ ለብቻቸው ደረደረች፣ አፈራቸውን ከታች እስኪፈስ አጠበች፣ ከዚያ ወዲያ ከበርሜሉ ብቻ አጠጣቻቸው። በወሩ አርባዎቹ አዲስ ቅጠል አወጡ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ለጋ። ሌሎቹ እንደተጠበሱ ቆመዋል። ለማስረዳት ቃል የማያስፈልገው ነገር ሆነ። እንዲህ መሰላት፣ የዋህ!

ኮሚቴውን ጠራች። ሊቀመንበሩ አርባዎቹን ሲያይ ፊቱ እንደ ሙሽራ ፈካ።

«ይኸው! ይኸው የጉድጓዳችን ፍሬ!»

«የጣሪያ ውሃ ነው የጠጡት» አለችው።

«ፎቶ አንሱ፣ ፎቶ! እትዬ፣ አንቺም ግቢ፣ አትፈሪ።»

«የጣሪያ ውሃ ነው እያልኩህ ነው! ጉድጓዱን የጠጡት እነዚያ የተቃጠሉት ናቸው!»

ባለሙያው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «በውጤቱ ላይ የቦታ አቀማመጥም አስተዋጽኦ ይኖረዋል» አለ። ሊቀመንበሩ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ትእዛዝ ሰጠ፦ «እነዚህ አርባዎቹ ያለ ጉድጓድ ውሃ እንዲህ ካማሩ፣ ከጉድጓዱ ቢጠጡማ ምን ሊሆኑ ነው! ነገ ጠዋት ቧንቧው እዚህ ድረስ ይቀጠል።»

ቀማሿ አርባዎቹን አየች፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳዎቹን አየች። ከዚያ ዶማዋን ከግድግዳው አነሳችና በጠራራ ፀሐይ፣ ኮሚቴው እያያት፣ ወደ ቦዩ ሄደች።

የመጀመሪያውን ጆንያ በዶማ ስትዘረግፈው ሊቀመንበሩ ሮጦ ደረሰ፣ ከረባቱ ትከሻው ላይ ዞሮ።

«እትዬ! በስብሰባ የተወሰነ እኮ ነው!»

«ስብሰባው ቅጠል አለው?»

«ምን?»

«ሥር አለው ወይ? ጠምቶት ያውቃል? የለውማ! እነዚያ ግን አላቸው። ዞር በል ከፊቴ!»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ለእህቴ ስል እስከ ዛሬ ሊቀመንበር ብዬሃለሁ። አሁን ወይ ያዝልኝ፣ ወይ ዞር በል።»

ዞር አለ። ውሃው መጀመሪያ ቅጠልና አረፋ እየገፋ መጣ፣ ከዚያ ጠራ። ጨልፋ ቀመሰችው፤ ምንም ምንም አይልም። ውሃ ማለት እንዲያ ነው። አራት ቀን ሙሉ በባልዲ እየቀዳች እያንዳንዱን ከረጢት ሦስት ሦስት ጊዜ አጠበች። ማዳበሪያውንም ጆንያው ሳይፈታ ለባለሙያው መለሰችለት።

ዝናቡ ሲገባ አንድ ሺህ አንድ መቶው ሞቶ ነበር። የቀረው አንሰራራ። የሞቱትን ስትጥል በየግንዱ ያሰረችውን ላስቲክ እየፈታች ነበር የጣለችው፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። የማኅበሩ ሪፖርት ግን «በአዲሱ ጉድጓድ ታግዞ ከስልሳ በመቶ በላይ ስኬት» ይላል።

የእደላው ዕለት ሊቀመንበሩም እንደ ማንኛውም ተመዝጋቢ ተሰልፎ ለጓሮው አምስት ችግኝ ወሰደ። በሳምንቱ ጠዋት ቀማሿ ቦዩ ዳር ሆና ባልዲዋን ስታጥብ፣ ጀሪካን ይዞ ከች አለ።

«እንደምን አደርሽ፣ እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው፣ ቤትህ ድረስ የጉድጓድ ቧንቧ አስገብተህ የለም?»

ጀሪካኑን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አለ። ግን ለአቮካዶ የቦይ ውሃ ይሻለዋል አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ባለሙያው።»

ቀማሿ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች፤ «ንጹሕ ውሃ ለብሩህ ነገ»። ከዚያ እሱን አየች። ጀሪካኑን ከእጁ ነጥቃ ቦዩ ውስጥ ነከረችው።

«ስታጠጣ ከታች እስኪፈስ ነው» አለችው። «ጥቂት ጥቂት ብለህ ከመጣህ በዚሁ ጀሪካን ነው የምልህ።»